ጓያን በዐዋጅ?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ በኅዳር ያለፈ ሰው ጥቁሩን መሬት ያውቀዋል። ክረምት ውኃ ያቆረበትን ማሳ ገበሬው መስከረም ላይ፣ በቀረው እርጥበት፣ ጓያ ይዘራበታል። ጓያ ብዙ እርሻ አይሻም፤ ውኃ የተኛበትንም ድርቁንም ይችላል። ሌላው አዝመራ ሲከዳ የሚተርፈው እሱ ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ቢበሉት አያሰጋም። የዕለት ጉርሱ ሁሉ ጓያ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ሲዘልቅ ግን እግርን የሚያዝዘው ነርቭ ይጎዳል። እግር ይገታተራል፣ በጣት ጫፍ መራመድ ይመጣል፣ ከዚያ ምርኩዝ፣ ሲብስም መዳህ። አእምሮ አይነካም። ይበልጥ የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው፤ አራሹን ማለት ነው። በቀዶ ሕክምና ጨጓራውን አሳንሶ ክብደት የቀነሰ ሰውም በቫይታሚን ቢ1 እጥረት ነርቩ ሊጎዳ ይችላል፤ እሱን ግን በጊዜ ከደረሱለት መርፌ ያድነዋል። ጓያ የሰበረውን እግር የሚመልስ መድኃኒት የለም። ግትርነቱን የሚያለዝብ ክኒን፣ ፊዚዮቴራፒና ምርኩዝ ብቻ ነው ያለው።

ብዙ ሰው በሽታውን በጓያው እንፋሎት ወይም ጭዱን በመርገጥ ያሳብባል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ሁኔታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ሰዉ ጓያውን እንዴት አድርጎ እንደበላው ጠየቁ። በ2003 የወጣው ውጤታቸው ለማንኛዋም የቤት እመቤት ይገባል፦ ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋውን ጨምረዋል፤ እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ ግን ከበሽታው ጋር አልተያያዙም። ከእህል ጋር መቀላቀሉ አደጋውን ቀንሷል።

እኔ የሕግ ሰው ነኝና መጀመሪያ የታየኝ ክልከላ ነበር። ሕንድ በ1961 ለሰው ምግብነት እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ገበሬዋ ግን መዝራቱን አልተወም። የራበውን ሰው የመጨረሻ እህል በወንጀል መክሰስ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለዜጎች ምግብ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። ወደዚያ ማየት ይሻለኛል። ዝናብ በቀረበት ዓመት ለገበሬው ስንዴ ወይም በቆሎ የሚደርሰው ጓያ ብቻውን በቀረበት ወር ነው ወይስ እግሩ ከተገታተረ በኋላ? መርዙ የቀነሰ ዝርያም ወጥቷል፤ ማዳረሱ የግብርና ቢሮዎች ሥራ ነው።

ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን እንደሚቀንስ ባለሙያዎች ይመክራሉ። ምክሩ ትክክል ነው። በድርቅ ዓመት ግን የሚደፋው ውኃ ከሩቅ ወንዝ በጀርባ የመጣ ነው።