ግምትና መዝገብ፦ የሒሳብ ባለሙያ ፍላጎት በባሌ ደጋ

የሒሳብ ባለሙያ የሚፈለገው ንግድ ሲሰፋ ብቻ አይደለም፤ ግብር የሚጠየቅ ሰው ያለውንና የሌለውን በማስረጃ ማስረዳት ሲኖርበትም ጭምር ነው። ለዚህ የባሌ ታሪክ ምስክር ነው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ ለቆየው ዐመፅ ምክንያት ከሆኑት መካከል አንዱ የመሬት ግብር ነበር።

ያ የመሬት ሥሪት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቢሻርም፣ መዝገብ የሌለውን በግምት ማስከፈል አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ገቢው 500 ሺህ ብር ያልሞላውን ነጋዴ በደረጃ «ሐ» መድቦ መዝገብ ከመያዝ ግዴታ ነፃ አደረገው። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት በተገለጸ ጊዜ በአዲስ አበባና በአንዳንድ የኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴዎች ተቃውሞ አሰሙ። መዝገብ ያልያዘ ነጋዴ ግምቱ በዛብኝ ቢል የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም።

ጉግል ሕዝብ በኢንተርኔት የሚፈልገውን በ0 እና በ100 መካከል አስልቶ ያሳያል። አሐዙ የፈላጊዎች ቁጥር ሳይሆን ከጠቅላላው ፍለጋ የተወሰደ ድርሻ ነው፤ 100 ማለት በተመረጠው ጊዜና ቦታ ድርሻው ከፍተኛ የሆነበት ወቅት ነው። ፍለጋው እጅግ ጥቂት ሲሆን 0 ይጻፋል። ከዚህም በላይ የሮቤ ነጋዴ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሊፈልግ ስለሚችል፣ አንዱን ቃል ብቻ የተከተለ ተመልካች ሌላውን ይስታል።

ወቅትም ራሱን የቻለ ትርጉም አለው። በዚያው አዋጅ መሠረት ደረጃ «ሐ» በሐምሌ፣ ደረጃ «ለ» በሁለት ወር፣ ደረጃ «ሀ» በአራት ወር ውስጥ ግብሩን ያሳውቅ ነበር። የባሌ ስንዴ ግን በበልግም በመኸርም ስለሚታጨድ፣ የእህል ገበያው የሚደራበት ጊዜና የግብሩ ወር ሁልጊዜ አይገጥሙም። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ቆይቷል። ይህን የማያስታውስ ሰው የዚያን ሰሞን ዝምታ የፍላጎት ማነስ አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

እንግዲህ በሮቤ ወይም በጎባ ቢሮ ለመክፈት የሚያስብ ባለሙያ 0 አይቶ «ፈላጊ የለም» ቢል ይሳሳታል። ባለሙያ የሚያስፈልገው ሰው በኢንተርኔት ከመፈለግ ይልቅ ጎረቤቱን ሊጠይቅ፣ ወይም እስከ ግምቱ ቀን ዝም ሊል ይችላል። በገበያው መካከል ተገኝቶ፣ ከሐምሌ በፊት መዝገብ ማስያዝ የባለሙያው ድርሻ ነው።