«ቃጫ»፣ «ሐሺሽ» እና «ዕፀ ፋሪስ»፦ የአንድ ተክል ታሪክና የስያሜው ችግር

የሳይንስና የቴክኒክ ቃላት ለአማርኛ ሲዘጋጁ አስቸጋሪ ሆነው ከሚገኙት መካከል በዕፅዋት ሳይንስ «ካናቢስ ሳቲቫ» የሚባለው ተክል ስም አንዱ ነው። በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ሥራዎች ተክሉ «ቃጫ»፣ «ሐሺሽ» ወይም «ዕፀ ፋሪስ» ሲባል እናገኘዋለን። ከሦስቱ ግን አንዱም ተክሉን በትክክል አይወክለውም። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት። (ዘመናቱ የተሰጡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የካናቢስ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ይበቅላሉ። ከወንዴው ለስላሳ ቃጫ፣ ከሴቴው ፍሬ ይገኛል። የጥንት ቻይናውያን በሁለቱም ይጠቀሙ ስለነበር ወንዴውን «ሺ»፣ ሴቴውን «ጁ» እያሉ በስም ለይተዋቸዋል። የቤተ መንግሥት ሹም የነበረው ጻይ ሉን በ105 ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀረበው ወረቀትም ከዛፍ ልጥ፣ ከካናቢስ ቃጫ፣ ከቡትቶና ከአሮጌ የዓሣ መረብ የተሠራ እንደነበረ ተጽፎአል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሄሮዶቱስ ደግሞ እስኩቴሳውያን ፍሬውን በጋለ ድንጋይ ላይ እየጣሉ ይታጠኑበት እንደነበረ፣ ትራቄያውያን ግን ከተክሉ ከተልባ እግር ለመለየት የሚያስቸግር ልብስ ይሠሩ እንደነበረ ይተርካል።

ግንዱ ልጡ እስኪላላ ድረስ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆይና ተቀጥቅጦና ተበጥሮ ቃጫው ይለያል። በመርከብ ዘመን የአውሮፓ ገመድና ሸራ በአመዛኙ ከዚሁ ቃጫ የተሠራ ነበር። «ካንቫስ» የሚለው ቃልም የመጣው ከ«ካናቢስ» ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1533 ባወጣው ሕግ፣ 60 ኤከር የሚያርስ ሁሉ ሩብ ኤከሩን ተልባ ወይም ካናቢስ እንዲዘራበት አዝዞ ነበር። ያረጀው የመርከብ ገመድ እንኳ አይጣልም ነበር፤ ተፈትቶ ከቅጥራን ጋር ውሃ እንዳይገባ በሳንቃዎች መገጣጠሚያ ይጠቀጠቃል። ከፍሬው የሚጨመቀው ዘይት ለመብራትና ለቀለም ያገለግል ነበር።

የተክሉ አገልግሎት እየሰፋ ሲሄድ እንግሊዝኛ ስሙን ለሌሎች ቃጫ ሰጪ ተክሎችም አዋሰ። «የማኒላ» ተብሎ የሚጠራው የፊሊፒንስ ቃጫ ከካናቢስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ እንዲያውም የእኛው እንሰት ዘመድ ነው። ጃፓን ፊሊፒንስን በመያዟ ይህ ቃጫ በተቋረጠ ጊዜ፣ በ1937 ካናቢስን በከባድ የግብር ሕግ ያዳከመው የአሜሪካ መንግሥት በ1942 ገበሬዎች እንዲዘሩት በፊልም ቀሰቀሰ። በ2018 የወጣው ሕግ ደግሞ አደንዛዥ ንጥረ ነገሩ ከ0.3 በመቶ የማይበልጠውን ካናቢስ ከዕፁ ለይቶ እንደ እርሻ ሰብል ቆጠረው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በቤጌምድር በላሊበላ ዋሻ በተገኙና የ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ ናቸው በተባሉ የጋያ ስብርባሪዎች ላይ የካናቢስ ቅሪት ታይቶአል። ይሁን እንጂ አገራችን ለገመድ የምትሻውን ከእንሰትና ከሌሎች ተክሎች ታገኝ ነበር። ስለዚህም ለእንሰት ውጤቶች «ቆጮ»፣ «ቡላ»፣ «አሚቾ»፣ «ቃጫ» የሚሉ የተለያዩ ቃላት ሲኖሩን፣ ለካናቢስ ያሉን ስሞች ግን የተደበላለቁ ናቸው። «ቃጫ» ከእንሰትም ከሲሳልም የሚገኘው ውጤት ስም እንጂ የተክሉ ስም አይደለም። «ሐሺሽ» በዐረብኛ ሣር ማለት ሲሆን፣ ወደ እኛ የደረሰው የዕፁ ስም ሆኖ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው «ዕፀ ፋሪስ» ነው፤ ይህ ስም መርዛማው አስተናግርም የሚጠራበት ነውና። በሐኪም ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ «ዕፀ ፋሪስ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የትኛው ተክል እንደሆነ አንባቢው በምን ያውቃል?

በእኛ አስተያየት፣ ተክሉ «ካናቢስ»፣ ቃጫው «የካናቢስ ቃጫ» ቢባል፣ «ሐሺሽ» ለአደንዛዡ ውጤት ብቻ ቢወሰን፣ መርዛማው ተክልም በ«አስተናግር» ቢጸና፣ «ዕፀ ፋሪስ» የሚለውንም በሙያ ጽሑፍ ከመጠቀም ብንቆጠብ ይሻላል። በየአካባቢው ሌላ ስም የሚያውቁ አንባብያን ቢኖሩ፣ ስሙን ከነተክሉ መግለጫ ቢልኩልን ለሥራው ትልቅ እርዳታ ይሆናል።