በጅማና በአካባቢዋ የሞባይል ስልክ ግዢ፡ ከአባላት መጋዘን እስከ ሸማቾች ማኅበር

በጅማና በዙሪያዋ በሚገኙ የቡና ከተሞች መጋዘን ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ቡና ነው። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡና ከሰርቦ አካባቢ የሚሰበሰበው ምርት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የሚያርፈው በመጋዘን በመሆኑ ቃሉ ለአካባቢው ነዋሪ ሌላ ትርጉም እምብዛም የለውም። በሰሜን አሜሪካ ግን ሸማቹ በየዓመቱ የአባልነት ክፍያ እየፈጸመ የሚገለገልባቸው፣ ከምግብ ዘይትና ከመኪና ጎማ ጀምሮ እስከ ሞባይል ስልክ ድረስ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡ ሰፋፊ መጋዘኖች አሉ። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ዘመዶች ከእነዚህ መደብሮች የገዟቸው ስልኮች በመንገደኛ እጅ እስከ ጅማ ስለሚደርሱ የአሠራሩ ጠባይ ለዚህ አካባቢ ነዋሪም ጠቀሜታ አለው።

የዚህ ዓይነቱ ንግድ ቀዳሚ የሆነው ፕራይስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ግዛት ሳን ዲዬጎ ከተማ የተከፈተ ሲሆን፣ ኮስትኮና ሳምስ ክለብ የተባሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራ ጀምረዋል። ፕራይስ ክለብና ኮስትኮ እ.ኤ.አ. በ1993 ተዋህደዋል። አሠራራቸው ሲታይ የዕቃውን ዓይነት በመቀነስና በብዛት በመግዛት ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይሸጣሉ፤ ትርፋቸውንም በአብዛኛው የሚያገኙት ከአባልነት ክፍያ ነው። የኮስትኮ መደበኛ የአባልነት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 65 ዶላር ሆኗል።

የሞባይል ስልክ ሽያጭ ግን ከሌላው ዕቃ የተለየ ነው። ስልኩ እንደ ስኳር ከረጢት ከመደርደሪያ ተነስቶ የሚከፈልበት ሳይሆን፣ በመጋዘኑ ውስጥ በተዘጋጀ መስኮት ከአንድ የቴሌኮም ኩባንያ የአገልግሎት ውል ጋር ተያይዞ የሚሸጥበት ጊዜ ይበዛል። በኮስትኮ መደብሮች ውስጥ ይህን ሽያጭ ለበርካታ ዓመታት ሲያካሂድ የነበረው ዋየርለስ አድቮኬትስ የተባለ ሌላ ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በድንገት መዘጋቱ ይታወሳል። ስለሆነም በአንድ መደብር ስም የተገዛ ዕቃ ሁሉ በዚያው መደብር ኃላፊነት የተሸጠ ነው ብሎ መገመት ሁልጊዜ አያዋጣም። ሻጩ ማን እንደሆነ ከደረሰኙ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

ወደ ጅማ በሚላኩ ስልኮች ላይ የሚያጋጥመው ዋነኛ ችግር የሚመነጨውም ከዚሁ ውል ነው። በወርሃዊ ክፍያ የተገዛ ስልክ ዕዳው ተጠናቆ እስኪለቀቅ ድረስ በሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ መስመር ላይ ብቻ እንዲሠራ የሚቆለፍ በመሆኑ የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሲም ካርድ ሲገባበት አገልግሎት አይሰጥም። ቁልፉን የማንሳት ሥልጣን ያለው በአሜሪካ የሚገኘው ኩባንያ ሲሆን፣ ጥያቄውን ማቅረብ የሚገባውም ውሉን የፈረመው ሰው ነው። ስልኩ ጅማ ከደረሰ በኋላ በከተማው የጥገና ሱቆች ሲንከራተቱ ከመዋል ይልቅ ላኪው ዘመድ ከመላኩ አስቀድሞ እንዲያስለቅቀው መንገር ወጪንም ጊዜንም ያድናል።

ሌላው ሊታይ የሚገባው የሞገድ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛው ትውልድ ሞባይል የሚሠራው በ900 እና በ1800 ሜጋኸርዝ ሲሆን በአሜሪካ ሲያገለግል የቆየው በ850 እና በ1900 ነበር። የቅርብ ዓመታት ስልኮች ብዙ ሞገዶችን ስለሚቀበሉ ችግሩ ቢቃለልም አሮጌ ስልክ ከተላከ በገጠር ቀበሌዎች ኔትወርክ ሊያጣ ይችላል። ከዚህም በተጨማሪ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የአይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡ ዋና ዋና ሞዴሎች የሲም ካርድ ማስገቢያ ስለሌላቸው የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። ይህን ሳያውቅ ሲም ካርዱን ይዞ ማስገቢያ የሚፈልግ ተቀባይ ስልኩ የተበላሸ ቢመስለው አያስደንቅም።

በሀገራችን ለአባላት መጋዘን የሚቀርበው አደረጃጀት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ማኅበራቱ በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም ይህን በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚደራጁ ሲሆን፣ አባሉ ዕጣ ገዝቶ የጋራ ባለቤት ይሆናል፤ ከትርፉም ይካፈላል። ይህ ከአሜሪካው የሚለይበት ዋነኛ ነጥብ ነው፤ በዚያ አባሉ ለመግባት የሚከፍል ደንበኛ እንጂ የመጋዘኑ ባለቤት አይደለም። በ2000ዎቹ አጋማሽ በመንግሥት የተቋቋመው አለ በጅምላ ደግሞ ለቸርቻሪዎች በጅምላ የማከፋፈል ዓላማ የነበረው ሲሆን በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ሥር ተጠቃሏል።

ይሁንና የሸማቾች ማኅበራት በዋነኛነት የሚታወቁት በስኳር፣ በዘይትና በዱቄት ሥርጭት ነው። ሞባይል ስልክ በመደርደሪያቸው የማይዘወተረው ያለ ምክንያት አይደለም። የስልክ ሞዴል በወራት ውስጥ ስለሚያረጅ ያልተሸጠ ክምችት ዋጋው ይወርዳል፤ የአንድ ካርቶን ስልክ ዋጋም የብዙ ኩንታል ስኳር ዋጋ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ዋስትና የሚሰጥና የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልጋል። በዚህ የተነሳ የጅማ ነዋሪ ስልኩን የሚገዛው በአብዛኛው በሂርማታ ገበያና በዋና ዋና መንገዶች ዳር ካሉ ሱቆች፣ እንዲሁም ከቴሌኮም ኩባንያዎቹ የሽያጭ ማዕከላት ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛው የተሻለ የሚመስለው መንገድ በየመሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ሠራተኛው ከማኅበሩ ተበድሮ በእጅ በእጅ ሲገዛና ብድሩን ከደመወዙ እያስቆረጠ ሲመልስ ከሱቅ የዱቤ ዋጋ ጭማሪ ይድናል። ተመሳሳይ ፍላጎት ያላቸው አባላት ተሰባስበው ሃያና ሠላሳ ስልክ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ከተስማሙ ደግሞ የአባላት መጋዘን የሚያስገኘውን የብዛት ቅናሽ ያለ መጋዘን ለመደራደር ያስችላቸዋል። የሚፈለገው ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ሰይሞ ከተለያዩ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ነው። ለመሥሪያ ቤት እስክሪብቶ ፕሮፎርማ ለማምጣት የማይሰለቸው ሠራተኛ የሁለት ወር ደመወዙን ለሚያወጣበት ስልክ የአንድ ሱቅ ዋጋ ብቻ ጠይቆ መግዛቱ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው። ፕሮፎርማውን ሲያወዳድሩ ከዋጋው እኩል የዋስትናውን ዘመንና ጥገናው የሚሰጥበትን ቦታ መመልከት ይገባል፤ የጥገና ማዕከሉ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ የ350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደርሶ መልስ የቅናሹን ጥቅም ይበላዋል።

በቡና አምራች ወረዳዎች የግዢው ወቅት ከምርት ጋር የተያያዘ ነው። ቀይ እሸት ቡና ከሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ገንዘብ በአርሶ አደሩ እጅ ይገባል። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም ሆነ በአጋሮ አካባቢ እንደ ዱሮሚና ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት ከሽያጭ በኋላ ለአባላት ትርፍ የማከፋፈል አሠራር አላቸው። ገንዘቡ በሚከፋፈልበት ሰሞን ማኅበሩ ከአንድ ታዋቂ አቅራቢ ጋር ተነጋግሮ ስልክ በጋራ ቢያስመጣ አባላቱ በገበያ ቀን በየመንገዱ ከሚዞር ሻጭ አስመስሎ የተሠራ ስልክ ከመግዛት ይድኑ ነበር። የኅብረት ሥራ ባለሙያዎች ሊያዩት የሚገባ አማራጭ ይመስለናል።

ስልክ ለአርሶ አደሩ ከመነጋገሪያነት አልፏል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የዕለቱን ዋጋ በ929 ማዳመጥ እንዲቻል አድርጓል፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የ8028 የግብርና መረጃ መስመር ተከፍቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብም በስልክ ውስጥ መያዝ ጀምሯል። በዚህ ረገድ ቀድሞ የሌላ ሰው የነበረ ስልክ ሲገዛ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ እንደ አዲስ መከፈቱን ሳያረጋግጡ የምስጢር ቁጥር ማስገባት አደጋ አለው።

የዋጋው ነገርም ተለውጧል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህም የስልክን ዋጋ ከፍ ከማድረጉ ባሻገር ከውጭ የሚላከውን ስልክ ይበልጥ ተፈላጊ አድርጎታል። ከውጭ የሚገቡ ስልኮች ምዝገባ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ተጀምሮ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ስለተለዋወጠ፣ መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት በወቅቱ የሚሠራበትን መመሪያ ከጉምሩክ ኮሚሽን መጠየቅ ይኖርበታል።

ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በስልኩ ላይ *#06# ሲጽፍ የሚወጣው 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር አለበት። ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍለትም መጠየቅ ይችላል። የራሱን ሲም ካርድ አስገብቶ መደወልና ኢንተርኔት መክፈት፣ ቻርጀሩን ሰክቶ መሙላቱን ማየት፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ መጻፍ መቻሉን መሞከር ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ በሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፉ ጉድለት ባለበት ዕቃ ላይ ይህን መብት አያስቀርም። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ቅሬታው ለከተማው ወይም ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ ሲሆን፣ ደረሰኝ ያልያዘ አመልካች ግን ከማን እንደገዛና መቼ እንደገዛ ለማስረዳት ይቸገራል።