የቁርጭምጭሚት ወለምታ፦ ከቅቤ እሽት እስከ መደገፊያ

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ብሂል የሚነገረው ሰው ለአንደበቱ እንዲጠነቀቅ ነው። ለሕክምና ታሪክ ግን ሌላም ምስክርነት ይዟል፤ የእግር ወለምታ በቅቤ የሚታሽ፣ ታሽቶም የሚያልፍ ጉዳት ተደርጎ ይታይ እንደነበር ያመለክታል። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ያሻል፣ ይስባል፣ በጨርቅ ይጠመጥማል፤ ተጎጂውም ማነከሱ ሳይለቀው ወደ ሥራው ይመለሳል። ከወራት በኋላ ያው እግር በዚያው ጎኑ እንደገና ወለም ሲል እንደ አዲስ ጉዳት ይቆጠራል እንጂ የፊተኛው ተከታይ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ወለምታን መናቅ የኢትዮጵያ ልማድ ብቻ አይደለም። በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት የጥንት ግሪክ ጽሑፎች መካከል ስለ ስብራት የሚያትተው ክፍል፣ እግራቸው የተጎዳ ሰዎች በፋሻ ታስረው ሃያ ቀን ያህል ቢተኙ አብዛኞቹ እንደሚድኑ ይገልጻል። ሆኖም ሕመምተኞቹ ጉዳቱን ንቀው ሳይድኑ ስለሚራመዱ ፍጹም ጤና እንደማያገኙ፣ ሕመሙም እየተመላለሰ እንደሚያስታውሳቸው ያማርራል። ዛሬ በተመላላሽ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ይህን ሲያነብ የሚያውቃቸው ብዙ ታካሚዎች በዓይነ ኅሊናው ይመጡበታል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ክርክሩ «ይረፍ ወይስ ይንቀሳቀስ?» የሚል መልክ ያዘ። ኔዘርላንዳዊው የጦር ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰን እ.ኤ.አ. በ1852 የጀሶ ፋሻን አሠራር ካሳተሙ በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተጎዳን መገጣጠሚያ ፈጽሞ አለማንቀሳቀስ ቀላል ሆነ። በሊቨርፑል ይሠሩ የነበሩት ሂዩ ኦወን ቶማስም የማይቋረጥና የተራዘመ ዕረፍት ዋነኛው መድኃኒት ነው ብለው አስተማሩ። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዡስት ሉካ ሻምፒዮኒየር ግን እሽትንና ቶሎ ማንቀሳቀስን ደገፉ። ወጌሻው በፓሪስ ጠበቃ አገኘ ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ የሻምፒዮኒየር እሽት ረጋ ያለና ሕመም የማያስከትል እንዲሆን የታሰበ መሆኑ ነው።

ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ የሚያስችል መንገድ የታየው በኒው ዮርክ ነው። ቨርጂል ጊብኒ የተባሉት የአጥንት ሐኪም በ1895 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሥራ ጊዜ የማያስቀርና ክራንች የማያስፈልገው የወለምታ ሕክምና አቀረቡ። የሚጣበቁ የፕላስተር ቁራጮችን እንደ ቅርጫት እያጠላለፉ ቁርጭምጭሚቱን ያስሩና ታካሚው እንዲራመድ ያደርጋሉ። እግሩ ታስሯል፤ ሰውየው ግን አልታሰረም። ከዚያ በኋላ የተሠሩት መደገፊያዎች ሁሉ መነሻቸው ይኸው ሐሳብ ነው።

ፕላስተር በስፖርቱ ዓለም ለረጅም ዘመን የማይነካ ባህል ሆኖ ቆየ። በ1962 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን የፕላስተር እሰር ከዐሥር ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ በኋላ ከድጋፍ ኃይሉ 40 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ በመለኪያ አሳየ። ጨዋታው ገና ሳይጋመስ እሰሩ ላልቷል ማለት ነው።

ሌላው ጥያቄ ወለምታው ከዳነ በኋላ እግሩ ለምን «ይከዳል» የሚል ነበር። ብዙውን ጊዜ ወለምታ የሚደርሰው የእግር መዳፍ ወደ ውስጥ ሲጠመዘዝ በመሆኑ፣ በቁርጭምጭሚቱ ውጫዊ ጎን ያሉት አያያዥ ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። እንግሊዛዊው ማይክል ፍሪማን በ1965 ባሳተሟቸው ሥራዎች የተበጠሰውን ጅማት መስፋትን፣ በጀሶ ማሰርንና በፕላስተር ደግፎ ማንቀሳቀስን አነጻጸሩ፤ ቶሎ የዳኑት የተንቀሳቀሱት ነበሩ። ከዚህም በላይ፣ እግር የሚከዳው ጅማቱ ስለላላ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያሉት የመገጣጠሚያውን አቋም ለአንጎል የሚያሳውቁ ነርቮች ስለሚጎዱ ጭምር ነው ሲሉ አስረዱ። በሚወዛወዝ የሚዛን ሰሌዳ ላይ መቆምን እንደ ሕክምና ያስገቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው መደገፊያ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከቀደሙት አንዱ፣ ኤርካስት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተሠራው፣ በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ የሚውሉ፣ ውስጣቸው በአየር ከረጢት የተሸፈነ ሁለት የፕላስቲክ ገበሮች ናቸው፤ ከተረከዝ ሥር በሚያልፍ ማሰሪያ ይያያዛሉ። እግሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ጎን መጠምዘዙ ግን ይገታል። ሲላላ ባለቤቱ ራሱ ያጠብቀዋል፤ ፕላስተር ይህን ማድረግ አይችልም።

መደገፊያው ወለምታን ይከላከል እንደሆነ በሰፊው ተፈትኗል። በ1985 በታተመ የስዊድን ጥናት፣ ካለምንም መከላከያ ከተጫወቱት እግር ኳስ ተጫዋቾች 17 በመቶው ወለምታ ሲደርስባቸው፣ መደገፊያ ካደረጉት 3 በመቶ፣ በሚዛን ሰሌዳ ከሠለጠኑት 5 በመቶ ብቻ ተጎዱ። በ1994 ደግሞ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ 1,601 ዕጩ መኮንኖች በዕጣ ተከፍለው፣ ከደረሱት 46 የቁርጭምጭሚት ጉዳቶች 11ዱ መደገፊያ ባደረጉት፣ 35ቱ ባላደረጉት ላይ ሆኑ። የጉዳቱ ብዛት ቢቀንስም ክብደቱ ግን አልቀነሰም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ነው።

በዚያው ዓመት ከደቡብ አፍሪካ የወጣው ጥናት ለአፍሪካ ባለሙያ የበለጠ ይጠቅማል። ተመራማሪዎቹ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ቀድሞ ወለም ያላቸውና ያላላቸው ብለው ለዩ። ቀድሞ በተጎዱት ዘንድ መደገፊያው ተደጋጋሚ ወለምታን በአምስት እጥፍ ያህል ሲቀንስ፣ ቀድሞ ባልተጎዱት ዘንድ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። መደገፊያ በጥቂቱ በሚገኝበት ስፍራ ለማን ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም፤ ታሪኩን ሲናገር «ይህ እግሬ ከዚህ በፊትም…» ብሎ ለሚጀምረው።

ማስረጃ መኖሩ ግን ለብቻው እንደማይበቃ የአሜሪካ ጦር የፓራሹት ዘላዮች ታሪክ ያሳያል። በ1993 በፎርት ቤኒንግ የዝላይ ትምህርት ቤት በ745 ፈቃደኞች ላይ ከቦቲ ውጭ የሚታሰር መደገፊያ ተሞከረ፤ እግር ወደ ውስጥ በመጠምዘዙ የሚደርሰው ወለምታ ካላደረጉት 1.9 በመቶ፣ ካደረጉት 0.3 በመቶ ሆነ። ትምህርት ቤቱም መደገፊያውን ሥራ ላይ አዋለው። ይሁንና ወጪው ስለበዛና «ጉዳቱን ወደ ሌላ የአካል ክፍል ያዞረዋል» የሚል ወሬ በመሰማቱ በ2000 ገደማ ተተወ። ከዚያ ወዲያ በቁርጭምጭሚት ጉዳት ሆስፒታል የሚገቡት ሰልጣኞች መብዛታቸው በመዝገብ ተረጋገጠ። ወሬው በሌሎች ስፖርቶችም ይሰማል፤ ነገር ግን በ2011 በዊስኮንሲን 1,460 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ የታተመው ጥናት፣ በክር የሚታሰር መደገፊያ የጉልበት ጉዳትን እንዳልጨመረ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ስለ መከላከል ነው። ስለ ሕክምናው ሲነሳ አስቀድሞ ስብራት አለመኖሩ ይጣራል። በካናዳ በኦታዋ በ1992 የወጣው መመሪያ፣ በሁለቱ የቁርጭምጭሚት እብጠቶች የኋላ ጠርዝና ጫፍ ላይ ሲጫኑት የሚያም መሆኑን፣ ታካሚውም አራት እርምጃ መራመድ መቻሉን በማየት ራጅ የሚያስፈልገውን ይለያል። ራጅ ሩቅ ለሆነበት ጤና ጣቢያ ትልቅ እገዛ ነው። ሳይመረመር በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን አቋርጦ እግርን እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሚገባ ይታወቃል።

ከዚያም ጀሶ ሳይታሰብ ተመለሰ። በ2009 ላንሴት በተሰኘው መጽሔት የወጣው የእንግሊዝ ጥናት፣ በከባድ ወለምታ እግራቸውን መርገጥ ያቃታቸውን 584 ሰዎች በዕጣ በአራት መደባቸው፦ ከጉልበት በታች ጀሶ ለዐሥር ቀን፣ የአየር መደገፊያ፣ ቦቲ መሰል መደገፊያ፣ ቱቦ መሰል ላስቲክ ፋሻ። በሦስተኛው ወር ከላስቲክ ፋሻው ይልቅ በጀሶ የታሰሩት ይበልጥ ተሽሏቸው ተገኙ፤ የአየር መደገፊያውም በቁርጭምጭሚቱ ሥራ ረገድ ተቀራራቢ ውጤት ሰጠ። በዘጠነኛው ወር ልዩነቱ ጠፋ። ስለዚህ መደገፊያ የሌለው፣ ጀሶ ግን ያለው ባለሙያ፣ መርገጥ ላቃተው ታካሚ ላስቲክ ፋሻ ጠቅልሎ ከማሰናበት የተሻለ አማራጭ በእጁ አለ። ዐሥር ቀን ግን ዐሥር ቀን ነው፤ እንደ ቀድሞው ስድስት ሳምንት አይደለም።

ከሕክምናው በኋላ ስላለው ዓመት በ2014 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ተጨማሪ ፍንጭ ሰጥቷል። በቅርቡ ወለም ካላቸው 384 ስፖርተኞች፣ ለስምንት ሳምንት የሚዛን ልምምድ ብቻ ከሠሩት 27 በመቶው በዓመቱ ውስጥ እንደገና ተጎዱ፤ መደገፊያ ብቻ ካደረጉት 15 በመቶ፣ ሁለቱን ካጣመሩት 19 በመቶ። ሁለቱን ያጣመረው ቡድን ያነሰ ጥቅም ያገኘበት ምክንያት ሳይሆን የማይቀረው፣ መደገፊያውን ያደረገው ለስምንት ሳምንት ብቻ መሆኑ ነው፤ መደገፊያ ብቻ የተሰጠው ቡድን በስፖርት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ እንዲያደርገው ታዝዞ ነበር።