ፕራናያማ

የሳንስክሪት ቃል ነው፤ «ፕራና» የሕይወት እስትንፋስ፣ «አያማ» ማርዘምና መግራት። በአሽቀሎን ለሚኖሩ የቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች ሐሳቡ ባዕድ አይሆንም፦ በአማርኛ ነፍስና ትንፋሽ፣ በዕብራይስጥም ነሻማና ነሺማ በየቋንቋቸው ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ለጋዛ ቅርብ በሆነችው በዚህች ከተማ የአደጋ ጡሩምባ ሲጮኽ መቅደም ያለበት መጠለያ ነው። እዚያ ከገቡ በኋላ በአፍንጫ ቀስ ብሎ ስቦ፣ አርዝሞ ማስወጣት፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል፣ የልብን ምት ያረጋጋል። ሆድን እየሳቡ አየር በኃይልና በፍጥነት የሚያስወጡበት «ካፓላባቲ» እና ትንፋሽን አፍኖ መቆየት ግን የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሚጥል ሕመም ላለበት፣ ለነፍሰ ጡርም አይመከሩም። ራስ ካዞረ ወዲያው ማቆም ነው። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የግፊት ኪኒናችሁን በዚህ የትንፋሽ ልምምድ አትተኩ።