ዶው አሸዋ ላይ የተከላት እንጨት

የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ የካፌ ወሬያችን ተቀይሯል። ስለ ኳስ ስንነታረክ የኖርን ልጆች ዛሬ "ይወጣል"፣ "የለም ይወርዳል" እንባባላለን። ይህን ክርክር ግን አሜሪካኖች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምረውታል፤ እስቲ እነሱ ዘንድ ጎራ እንበል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ጋዜጠኛ ነው። የዎል ስትሪት ጆርናሉ ቻርልስ ዶው በ1896 የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ ለ12 አካፈለና የገበያው አማካይ ብሎ አተመው። በ1901 ደግሞ ገበያውን ከባህር ጋር አመሳሰለው። ባህሩ እየሞላ ይሁን እየሸሸ ማወቅ የፈለገ ሰው ማዕበሉ በደረሰበት ቦታ አሸዋው ላይ እንጨት ይተክላል። ማዕበሎቹ እንጨቷን እያለፉ ከሄዱ ወደፊት ያራምዳታል። እሷ ጋ መድረስ ሲያቅታቸው ባህሩ መሸሽ መጀመሩን ይረዳል። አንድ ማዕበል ብቻ አይቶ የሚፈርድ ግን ይሳሳታል።

ዶው በ1902 አረፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ለዚሁ ሥራ መስመር አበጁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ያለፉትን 200 የግብይት ቀናት የመዝጊያ ዋጋ ደምሮ ለ200 ማካፈል። በማግስቱ አሮጌው ቀን ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል። "ተንቀሳቃሽ አማካይ" የተባለውም ለዚህ ነው። ዋጋው ከመስመሩ በላይ ከሆነ አዝማሚያው ወደ ላይ፣ ከታች ከሆነ ወደ ታች ነው ተብሎ ይነበባል።

ይጠቅማል? ወደ 1929 እንሂድ። የዶው አማካይ መስከረም 3 ቀን 381.17 ደረሰ። በጥቅምት ወር የዬሉ ምሁር ኧርቪንግ ፊሸር የአክሲዮን ዋጋ ከእንግዲህ የማይወርድበት ከፍታ ላይ የደረሰ ይመስላል አሉ። ዛሬ ወደኋላ ተመልሰን የ200 ቀኑን መስመር ብናሰምር፣ ዋጋው ከጥቅምት 28ቱ ውድቀት በፊት ከመስመሩ በታች ወርዶ እናገኘዋለን። ያን ቀን ገበያው 13 በመቶ፣ በማግስቱ 12 በመቶ ያህል ወደቀ። ሐምሌ 1932 ላይ 41.22 ደረሰ። ወደ 1929ኙ ከፍታ የተመለሰው በ1954 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! ሰው ወልዶ የሚድርበት ጊዜ ማለት ነው።

ታዲያ መስመሩ ነቢይ ነው? በፍጹም። ያለፈውን ዋጋ ስለሚደምር ሁሌም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ገበያው ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ደግሞ ዛሬ "ሽጥ"፣ ከሳምንት በኋላ "ግዛ" እያለ ያመላልሰናል፤ በየምልልሱ የደላላ ክፍያ አለ። ግብይቱ ቀጭን በሆነበት ገበያም ሳይሸጥ ሳይለወጥ የሚከርም አክሲዮን አለ። የእንዲህ ዓይነቱ አክሲዮን መስመር ቀጥ ቢል መረጋጋቱን አያሳይም፤ ገዥና ሻጭ አለመገናኘታቸውን እንጂ። ገና ጀማሪ ገበያ ላለን ለእኛ ይህ ቀላል ማስጠንቀቂያ አይደለም።

እኛ ከመስመሩ የወሰድነው ትምህርት አንድ ነው። መቼ እንደምንሸጥ መወሰን ያለብን ልባችን ረግቶ ሳለ፣ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ነው። ፊሸር እንኳ የራሳቸውን ሀብት በዚያ ውድቀት አጥተዋል። እውቀት አላነሳቸውም፤ እንጨቷን ግን አላዩዋትም።

ቸር እንሰንብት።