የሳዑዲ ዓረቢያ የብር ሪያል፦ በሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት ዕድሜውን ላይናገር ይችላል

የሳዑዲ ዓረቢያ ሪያል ዛሬ በብዛት በወረቀት ገንዘብነቱ ይታወቃል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ግን ከብር ማዕድን የሚሠራ ሳንቲም ነበር። እነዚህ ሳንቲሞች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ።

ከሪያል በፊት በዓረቢያ ገበያዎች በስፋት ይዘዋወር የነበረው፣ በሀገራችን ጠገራ ብር የምንለው የማርያ ቴሬዛ ሳንቲም ነው። ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1346 ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1928 ገደማ ያሠሩት ሪያል 24 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ግራም ገደማው ንጹሕ ብር ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1932 የአሁኑን ስሟን ከያዘች በኋላ፣ በ1354 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1935) አነስ ያለ ሪያል ወጣ። ይህኛው 11.6 ግራም ሲመዝን፣ 91.7 በመቶው ብር ነው፤ በክብደትም በጥራትም ከያኔው የህንድ ሩፒ ጋር ይቀራረባል። ግማሽ ሪያሉ 5.8፣ ሩቡ ደግሞ 2.9 ግራም ይመዝናል።

ጀማሪ ሰብሳቢ ዓመቱን ሲያነብ ሊጠነቀቅ ይገባል። በመጀመሪያ፣ የተጻፈው በሂጅራ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተሠሩት ሪያሎች መካከል 1354 የሚለውን የቀደመ ዓመት እንደያዙ የወጡ አሉ። ጠገራ ብርም ቢሆን ለረጅም ዘመን ደጋግሞ ሲሠራ የ1780 ዓመተ ምሕረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ «ዓመቱ አሮጌ ነው» በሚል ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል አይገባም።

ሳንቲሙን ለመለየት በትንሽ ሚዛን መመዘንና ስፋቱን መለካት ይጠቅማል። የማግኔት ሙከራ ብቻውን አያስተማምንም፤ ብር በማግኔት ባይሳብም፣ መዳብና ኒኬል ተቀላቅለው የተሠሩ ሳንቲሞችም አይሳቡምና።

የጠቆረ ሳንቲምን በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ ማሸት ትልቅ ስህተት ነው። ጥቁረቱ ብር ከአየር ጋር ሲገናኝ በጊዜ ብዛት የሚፈጠር ነው፤ ሲታሸግ የሚቆየው ጽሑፍና ገጽ ግን በመታሸት ይፋቃል፣ የሰብሳቢ ዋጋውም ይወርዳል። ጠርዙን ይዞ ማንሳትና በደረቅ ቦታ ለየብቻ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከዘመድ የተወረሰ ወይም ከዓረብ አገር የመጣ የብር ሳንቲም በቤቱ ያለው ሰው፣ ለአንጥረኛ ከመስጠቱ በፊት ክብደቱን፣ ዓመቱንና ጽሑፉን ያስመርምር። አንጥረኛ የሚከፍለው ለብሩ ብቻ ነው፤ አንዴ የቀለጠ ሳንቲም ደግሞ አይመለስም።